ክሊሜኔ የትኛዋ?

በማርስና በጁፒተር መካከል ከሚዞሩት አስትሮይዶች አንዷ 104 ክሊሜኔ ትባላለች። ያገኛት እ.ኤ.አ. በ1868 ጄምስ ክሬግ ዋትሰን የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነው። ስሟ የመጣው ከግሪክ አፈ ታሪክ ነው። ግን ከየትኛዋ ክሊሜኔ? ስሙን የያዙት ሴቶች እኮ ብዙ ናቸው። የሚገርመው፣ የስሙ ትርጉም «ዝነኛዋ» ማለት ነው።

እስቲ ጥቂቶቹን እንያቸው። በሄሲዮድ «ቴዎጎኒ» ክሊሜኔ የኦኬያኖስ ልጅ ናት፤ እሳት የሰረቀውን ፕሮሜቴዎስንና ሰማይ የተሸከመውን አትላስን ወልዳለች። በ«ኢሊያድ» 3ኛ መጽሐፍ የሄለን ደንገጡር፣ በ18ኛው ደግሞ ከባሕር ሴት አማልክት አንዷ ናት። የቀርጤሱ ንጉሥ የካትሬዎስ ልጅም ክሊሜኔ ትባላለች። አባቷ ባሕር ማዶ እንዲሸጣት ለናውፕሊዮስ ሰጠው፤ እሱ ግን አገባት፤ ፓላሜዴስንም ወለዱ። በመጨረሻም ከፀሐይ አምላክ ፋኤቶንን የወለደችው አለች። የእሷ ባል ሜሮፕስ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ነበር። (ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብና በዓለም ዳርቻ ያሉትን የጥቁሮች አገሮች እንጂ የዛሬዋን ኢትዮጵያ ብቻ ማለታቸው አልነበረም።)

የአፈ ታሪክ መዝገበ ቃላት ይህን ሁሉ ሲያዩ ቁጥር ይሰጣሉ፦ ክሊሜኔ 1፣ ክሊሜኔ 2፣ ክሊሜኔ 3። ለእኔ ለኢንጂነሯ ነገሩ መጀመሪያ ያጓጓል። በዳታቤዝ ሥራ ስም መለያ አይሆንም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሳራ ካሉ ለእያንዳንዷ የራሷን ቁጥር እንሰጣለን። ታዲያ እዚህስ ለምን አይሠራም?

ምክንያቱም ሳራን ጠርተን መጠየቅ እንችላለን። አስትሮይዷንም በቴሌስኮፕ ደግመን ማየት ይቻላል፤ 104 የሚለው ቁጥር የተወሰነ ምሕዋር ያላትን አንዲት ዓለት ያመለክታል። ከክሊሜኔ ስም ጀርባ ግን ጽሑፎች እንጂ ሄደን የምናያት ሴት የለችም። ጽሑፎቹ ደግሞ አይስማሙም። አፖሎዶሮስ በተባለው ደራሲ መጽሐፍ የፕሮሜቴዎስ እናት አሲያ እንጂ ክሊሜኔ አይደለችም። በኦቪድ ግጥም ደግሞ የፋኤቶን አያት ቴቲስ ናት፤ ቴቲስ የኦኬያኖስ ሚስት ስለሆነች የፋኤቶን እናትም የኦኬያኖስ ልጅ ሆነች ማለት ነው። እና የፕሮሜቴዎስ እናትና የፋኤቶን እናት አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? ቁጥሩ ጥያቄውን ሳይመልስ ይዘጋዋል።

አፖሎዶሮስ ራሱ የተሻለ መንገድ ያሳያል። የናውፕሊዮስ ሚስት ማን ናት ሲባል የትራጄዲ ጸሐፊዎች ክሊሜኔ እንደሚሏት፣ ሌሎች ግን ፊሊራ ወይም ሄሲዮኔ እንደሚሏት ምንጩን እየጠራ ይዘረዝራል። ይህ ጥሩ የመረጃ አያያዝ ነው፤ ልኬቱን ከለካው መሣሪያ ጋር አብሮ እንደ መመዝገብ።

ሁለተኛው ችግር የሚብስ ይመስለኛል። ዝርዝሩ ሴቶቹን «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ እናት» ብሎ ያልፋቸዋል። የዩሪፒደስ «ፋኤቶን» የተረፈው ቁርጥራጩ ብቻ ነው፤ በዚያ ውስጥ ግን ክሊሜኔ የልጇን ሬሳ ከባሏ የምትደብቅ፣ ምስጢሯና ሐዘኗ አንድ ላይ የጨነቃት ሴት ናት። «እናቱ» የሚለው ቃል ይህን ይይዛል እንዴ?

የሄለንን ደንገጡርም ተመልከቱ። አብራት የምትሄደው አይትራ የአባቷ ስም ተጠቅሶላታል፤ ለክሊሜኔ ግን አባትም፣ ባልም፣ ልጅም አልተጠቀሰም። ሆሜር የሰጣት ቅጽል «የላም ዓይን ያላት» የሚል ነው፤ ይህ በብዛት የአማልክት ንግሥት ለሆነችው ለሄራ የሚሰጥ ውዳሴ ነው። መዝገበ ቃላቱ ላይ የሚተርፈው «የሄለን አገልጋይ» ብቻ ነው።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ ስም ስታገኙ ቁጥሩን ከመያዛችሁ በፊት «ይህን ያለው ማን ነው? የት?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ጽሑፉን ክፈቱ። አንዳንዷ ክሊሜኔ ያላት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም ከዝርዝሩ ውጭ ቀርቷል።