ናይሮቢ ላይ የመኪና ማቆሚያ የሚያስይዝ መተግበሪያ

የማቆሚያ ቦታ የሚያስይዝ የስልክ መተግበሪያ ለአሽከርካሪው የሚሸጠው ቃል ነው፦ በተባለው ሰዓት፣ በተባለው ስፍራ መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ ያገኛል የሚል ቃል። ካርታውም ሆነ የስክሪኑ አቀማመጥ ይህን ቃል ለመፈጸም የሚያገለግሉ ናቸው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከተማው ውስጥ ቃል ሊገባባቸው የሚችሉ ቦታዎች የትኞቹ እንደሆኑ ከመለየት ነው። ናይሮቢ ላይ ይህ ልየታ የቀረውን ሁሉ ይወስናል።

በመሃል ከተማው ሁለት ዓይነት ማቆሚያ አለ። አንደኛው በኬንያታ ጎዳና፣ በኪማቲና በሙይንዲ ምቢንጉ መንገዶች ዳር እንዳለው ዓይነት፣ የናይሮቢ ካውንቲ መንግሥት ክፍያ የሚሰበስብበት የመንገድ ዳር ማቆሚያ ነው። ሁለተኛው በር ያለው ነው፦ የቢሮ ሕንፃ ምድር ቤት፣ የገበያ ማዕከል፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ባለቤቱ ግንባታ እስኪጀምርበት ድረስ ለመኪና የሚያከራየው ባዶ መሬት። መንገድ ዳር አንድ መኪና ሲወጣ ቀድሞ የደረሰው ይገባበታል፤ ዌስትላንድስ ሳለ በስልኩ የከፈለው ሰው ያን ጊዜ ገና ኡሁሩ አውራ ጎዳና ላይ መጨናነቅ ውስጥ ነው። በር ባለው ግቢ ግን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው አለ። ቃሉን የሚያስከብረው እሱ ነው።

የመንገድ ዳር ክፍያ ወደ ስልክ ከተዛወረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የካውንቲው የፋይናንስ ሕግ የቀን ክፍያውን ከ140 ወደ 300 ሽልንግ ከፍ አደረገው። በ2014 ጃምቦፔይ የሚያንቀሳቅሰው ኢ-ጂጂፔይ የተባለ የክፍያ ሥርዓት ሥራ ላይ ዋለ፤ በ2020 ገቢ መሰብሰቡ ለኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን ተሰጠ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ናይሮቢፔይ መጣ። ሥርዓቶቹ ቢለዋወጡም የሚያውቁት ነገር አንድ ነው፦ ይህ ታርጋ ዛሬ ከፍሏል ወይስ አልከፈለም። መኪናው የት እንደቆመ፣ ከአጠገቡ ባዶ ቦታ ይኑር አይኑር አያውቁም። ተቆጣጣሪው ታርጋውን አስገብቶ ያጣራል፤ ካልተከፈለ ጎማው በብረት ይታሰራል። ለገቢ ሰብሳቢው ይህ ይበቃል። ለማስያዝ ግን አይበቃም፤ በዚያ ላይ ክፍያው በቀን ስለሆነ ጠዋት የከፈለ ሰው ቶሎ የሚለቅበት ምክንያት የለውም፤ ቦታውም እስከ ማታ ይያዛል።

በእነዚህ መንገዶች ላይ ቦታ የመያዝ ሥራ ግን ከስልክ በፊትም ነበር። በ1970ዎቹ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆች ባዶ ቦታ እየፈለጉ አሽከርካሪዎችን ይመሩ፣ መኪናውን ይጠብቁና ሳንቲም ይቀበሉ ነበር፤ ከተማው ፓርኪንግ ቦይስ ይላቸው ነበር። ኔዘርላንዳዊው ካህን አባ አርኖልድ ግሮል በ1973 ኡንዱጉ ማኅበርን የመሠረቱት እነዚህን ልጆች ለመርዳት ነው። ዛሬም መንገድ ዳር ቆመው ለአሽከርካሪ እጃቸውን የሚያውለበልቡ ወጣቶች አሉ። አዲስ አበባ ላይ በማኅበር ተደራጅተው ደረሰኝ እየቆረጡ መኪና የሚያስቆሙትን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። እነዚህን ሰዎች ቴክኖሎጂ የሚያስወግዳቸው እንቅፋት አድርጎ ማየት ትልቅ ስህተት ነው። የትኛው መኪና ሊወጣ እንደተቃረበ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ እነሱን ገፍቶ የተሠራ መተግበሪያም መንገዱ ላይ ውሎ አያድርም።

መንገድ ዳርን ማስያዝ ሌላም ችግር አለበት፤ ቦታው የሕዝብ ነው። መንኪፓርኪንግ የተባለ መተግበሪያ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አሽከርካሪዎች የያዙትን የመንገድ ዳር ቦታ ለሌላው በጨረታ እንዲሸጡ አድርጎ ነበር፤ በሰኔ 2014 የከተማዋ ዐቃቤ ሕግ ሥራውን እንዲያቆም ደብዳቤ ጻፉለት። ናይሮቢ ላይ የሚሠራ ባለሙያም ድንበሩን ከመጀመሪያው ማስመር አለበት፦ መንገድ ዳር ላይ መክፈልና መረጃ መስጠት ይቻላል፤ ማስያዝ የሚቻለው በር ባለው ግቢ ብቻ ነው።

ግቢዎቹ ሲመዘገቡ ቆጠራው በእግር እየዞሩ የሚሠራ ነው። ባለቤቱ ስልሳ መኪና ይይዛል ቢል እንኳ ጀነሬተሩ የሚይዘው ጥግ፣ የዕቃ ጫኝ መኪና መውጫ፣ የሕንፃው ዋና ሥራ አስኪያጅ የማይነካ ቦታ ሁሉ ይቀነሳል። ከዚህም ላይ የተወሰነው ሳይሸጥ መቆየት አለበት። ዶናልድ ሾፕ በ2005 ባሳተሙት የፓርኪንግ መጽሐፍ ለመንገድ ዳር ከመቶ 85 ያህሉ ተይዞ ቀሪው ክፍት ቢሆን መልካም ነው ብለዋል፤ ፈልጎ የሚዞረው መኪና የሚቀንሰው እንዲህ ሲሆን ነው። ለሚያስይዝ ግቢ ደግሞ ያ ክፍት ቦታ የቃሉ መጠባበቂያ ነው፤ ሰዓቱ አልፎ ያልወጣ መኪና ቢኖር ቀጣዩን የሚያስተናግደው እሱ ነው።

ለአሽከርካሪው የቦታ ቁጥር መስጠት ያጓጓል። አሥራ አራተኛውን ቦታ ይዘዋል ማለት እርግጠኛ የሆነ ስሜት ይሰጣል። ነገር ግን አንድ ሰው አሥራ አራት ላይ በስህተት ቢያቆም የእሱ ተከታይ ወደ አሥራ አምስት፣ የዚያ ተከታይ ደግሞ ወደ አሥራ ስድስት ይሄዳል፤ እስከ ምሳ ድረስ ግቢው በሙሉ ይዛባል። የሚሻለው በዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ቦታ አለዎት ብሎ ቃል መግባት ነው። ያን ጊዜ ዳታቤዙ የሚጠብቀው ቁጥርን ነው፦ ቀኑ በሩብ ሰዓት ይከፋፈላል፤ በየትኛውም ሩብ ሰዓት የተያዘው ከተፈቀደው እንዳይበልጥ ይደረጋል። ሁለት ሰዎች የመጨረሻዋን ቦታ በአንድ ቅጽበት ሊጫኑ ስለሚችሉ አይቶ መፍቀድና መመዝገብ በሁለት የተለያየ እርምጃ መሆን የለበትም፤ ሁለቱም በአንድ የዳታቤዝ ግብይት ውስጥ፣ መስመሩ ተቆልፎ ይፈጸማሉ። ስልኩ ላይ የሚታየው ቁጥር ከሰከንዶች በፊት የነበረ ስለሆነ የመጨረሻው ፍርድ የሰርቨሩ ነው።

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ የራሱ መተግበሪያ ያስፈልገዋል፤ የብዙ ፕሮጀክቶች ድክመትም ይህን ሰው መርሳት ነው። ጠራራ ፀሐይ ላይ የሚነበብ ትልልቅ ፊደል፣ ቀጥሎ የሚመጡ መኪኖች ዝርዝር፣ ገባና ወጣ የሚሉ ሁለት ሰፋፊ ቁልፎች ይበቁታል። ኔትወርክ ሲጠፋ ዝርዝሩ ስልኩ ውስጥ እንዳለ መቆየት አለበት፤ የተጫነውም ተጠብቆ ግንኙነቱ ሲመለስ ይላካል። ናይሮቢ ውስጥ ካባምቤ የሚሏትን ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ጥበቃ ከሆነ ዝርዝሩ በአጭር መልእክት ይደርሰዋል። ፈረቃ ሲቀየርም የሚረከበው ሰው ዝርዝሩን ማግኘት አለበት፤ የማታው ጥበቃ ያላወቀው ቃል የተገባ አይደለም።

ጥበቃው መኪናውን የሚለየው በታርጋ ስለሆነ ታርጋ ማስገቢያው ትንሽ ቦታ ቢመስልም ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኬንያ የግል መኪና ታርጋ በኬ የሚጀምሩ ሦስት ፊደላት፣ ሦስት አኃዝና አንድ ፊደል ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ፊደል እንደገባ የስልኩ መጻፊያ ራሱ ወደ ቁጥር መቀየር፣ ከሦስተኛው አኃዝ በኋላ ደግሞ ወደ ፊደል መመለስ አለበት። አይ እና ኦ የሚባሉት የላቲን ፊደላት ከአንድና ከዜሮ ጋር ስለሚመሳሰሉ በፊደል ቅደም ተከተሉ ይዘለላሉ፤ በአኃዝ ቦታ ኦ የጻፈ ሰው ዜሮ ማለቱ ስለሆነ ስህተት ነው ብሎ ከመመለስ ዝም ብሎ ማስተካከል ይቻላል። ይሁንና ቅርጹን ብቻ የሚቀበል ማስገቢያ ሌላውን ይዘጋል። ሞተር ብስክሌት አራት ፊደል ይዞ ይጀምራል፤ ጊጊሪ ካለው የተባበሩት መንግሥታት ቅጥር ግቢ የሚወጡ መኪኖችና ዲፕሎማቶች ደግሞ ሌላ ቅርጽ አላቸው። ለእነሱ ነፃ ማስገቢያ ይቀመጣል።

ክፍያው በኤም-ፔሳ ነው። ሳፋሪኮም በመጋቢት 2007 የጀመረው ይህ አገልግሎት የአሽከርካሪው ሁሉ ልማድ ስለሆነ የባንክ ካርድ አማራጭ ሆኖ ቢኖርም መንገዱን የሚቀይስ አይደለም። የመተግበሪያው ሰርቨር ጥያቄ ይልካል፤ የደንበኛው ስልክ ላይ የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ መስኮት ብቅ ይላል፤ ውጤቱ ከሳፋሪኮም ወደ ሰርቨሩ ይመለሳል። አስቸጋሪው ጊዜ በጥያቄውና በውጤቱ መካከል ያለው ነው። ሰውየው ምስጢር ቁጥሩን አስገብቶ ገንዘቡ ተቆርጦ፣ አሥር ፊደልና ቁጥር ያለው ደረሰኝ በመልእክት ደርሶት ሳለ ውጤቱ ሰርቨሩ ጋ ሊዘገይ ይችላል። ያን ጊዜ አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ የሚል ስክሪን ያየ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ትክክለኛው አሠራር ቦታውን ለጥቂት ደቂቃ በክፍያ ላይ በሚል ሁኔታ መያዝ፣ ውጤቱ ካልመጣ ከሰርቨሩ በኩል ሳፋሪኮምን መጠየቅ፣ አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ቢመጣ አንድ ጊዜ ብቻ መመዝገብ ነው።

የሚመለሱት ኮዶችም ለተጠቃሚው እንደ ትርጉማቸው ሊነገሩት ይገባል። ዜሮ ተከፍሏል ነው፤ 1 ሒሳቡ አይበቃም፤ 1032 ሰውየው ራሱ ሰርዞታል፤ 1037 ስልኩ አልተገኘም ማለት ነው። ሒሳቡ ያነሰው ሰው ገንዘብ እስኪያስገባ ቦታው ትንሽ ሊቆይለት ይገባል፤ የሰረዘው ሰው ቦታ ግን ወዲያው ይለቀቃል። አራቱንም ክፍያው አልተሳካም በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጠቅለል ደንበኛውን ባለመረዳት የሚመጣ ስንፍና ነው።

ሰዓትን በተመለከተ ናይሮቢ ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። በስዋሂሊ ሲነገር ሰዓት እንደ ኢትዮጵያው ከንጋት ነው የሚቆጠረው፤ በእንግሊዝኛ ሲነገርና ስልክ ላይ ሲጻፍ ግን እንደ አውሮፓው ነው። አንድ አሽከርካሪ ከጥበቃው ጋር በስዋሂሊ ሁለት ሰዓት ተባብሎ ስልኩ ላይ የሚያየው 8:00 ነው። ሰዉ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለልን ስለለመደ ብዙ አይሳሳትም፤ ቢሆንም መተግበሪያው ጠዋት ወይም ከሰዓት ብሎ ቢጽፍ፣ ከተያዘ በኋላም የቀረውን ጊዜ እየቆጠረ ቢያሳይ አለመግባባት አይኖርም። ለዘገየ ሰው የሚሰጠው ጊዜ ከመክፈሉ በፊት መታየት አለበት። ናይሮቢ ላይ ዝናብ ከጣለ መንገዱ ሁሉ ይቆማል፤ አሥር ደቂቃ ብቻ የሚታገሥ ደንብ በዚያን ቀን ደንበኛውን በሙሉ ያጣል።

ቦታውን ለማግኘትም ካርታ ብቻውን አይበቃም። በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል የጂፒኤስ ምልክት እየነጠረ አንዱን መንገድ ከሌላው ጋር ያምታታል፤ የካርታው ምልክትም ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ሕንፃው መሃል ላይ እንጂ መኪና መግቢያው ላይ አይደለም። መግቢያው በሌላ መንገድ ሲሆን በተለይም አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚነዳበት መሃል ከተማ አንድ የተሳሳተ መታጠፊያ ረጅም ዙር ያስከፍላል። ስለዚህ የሚመዘገበው የበሩ ነጥብ ነው፤ ከፎቶግራፉ ጋር። ጽሑፉም ሰው እንደሚናገረው ይሁን፦ ሞይ ጎዳና ላይ ካለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አጠገብ ማለት ከመንገድ ቁጥር ይልቅ ለናይሮቢ ሰው ይገባዋል።

ታርጋ፣ ስልክ ቁጥርና የተቆመበት ሰዓት አንድ ላይ ሲሆኑ የሰውን ውሎ ይናገራሉ። የትኛው ሆስፒታል፣ የትኛው ጠበቃ ቢሮ፣ የትኛው ቤት እንደሚመላለስ ይታወቃል። የኬንያ የ2019 የመረጃ ጥበቃ ሕግ ይህን የግል መረጃ ይለዋል፤ መረጃው ቢሾልክም ጉዳዩ በ72 ሰዓት ውስጥ ለመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር እንዲነገር ያዝዛል። ጥበቃው የሚያየው ታርጋና ሰዓት ብቻ መሆን አለበት፤ የሴት አሽከርካሪ ስልክ ቁጥር በር ላይ ለቆመ ሰው ሁሉ የሚታይበት ንድፍ ሊፈቀድ አይገባም። ሒሳቡ ከተዘጋና የቅሬታ ጊዜው ካለፈ በኋላ ታርጋው ከመዝገቡ ይሰረዛል።

የመንገድ ዳሩን በሚመለከት የሚቀረው ግምት ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በ2011 ኤስኤፍፓርክ በተባለው ሙከራ መሬት ውስጥ ጠቋሚ መሣሪያ ቀብራ የትኛው ቦታ እንደተያዘ ትከታተል ነበር፤ ዋጋውንም በዚያ ላይ ተመሥርታ ከፍና ዝቅ ታደርግ ነበር። እንዲህ ያለ መሣሪያ በሌለበት መተግበሪያው ሊያሳይ የሚችለው በዚህ ሰዓት ብዙ ጊዜ ቦታ ይገኛል ወይም አይገኝም የሚል ግምት ብቻ ነው። በቀለምም በቃላትም ከተያዘው ግቢ መለየት አለበት፤ ተይዟል የሚለው ቃል በር ላለው ግቢ ብቻ ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጥበቃው ሞልቷል የሚልበት ቀን ይኖራል። አሽከርካሪው ከኋላው መኪኖች ጥሩንባ እየነፉበት ነው፤ ቅጽ የሚሞላበት ጊዜ የለውም። ጥበቃው ሞልቷል የሚለውን ቁልፍ ሲጫን መተግበሪያው በቅርብ ያለ ሌላ ግቢ ለአሽከርካሪው ይይዝለታል፤ የዋጋ ልዩነት ቢኖር ኩባንያው ይሸፍናል። ሌላ ግቢ ከሌለ ገንዘቡ ሳይጠየቅ በዚያው በኤም-ፔሳ ይመለሳል፤ የግቢው የሚሸጥ ቁጥርም በማግስቱ ይቀነሳል።