«ተለክቷል»

«ሞተሩ ወረደ። ሲሊንደሩ ተፋቀ። ፋሻው ተቀየረ። ተገጠመ።» መኪና ያሳደሰ ሰው ሁሉ ይህን ንግግር ያውቀዋል። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ተደራጊ ግስ ለአድራጊው መሸሸጊያ እንደሚሆን የማሳየው ከልቦለድ እየጠቀስኩ ነበር። ለዚህ ለዚህ ጋራዥ ይበልጣል።

ነገሩ የሰዋስው ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን ምጥ የያዛትን እናት ጭኖ ከገጠር ጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚወጣውን ላንድክሩዘር አስቡት። ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ሞተር 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ነው፤ የአንዱ ሲሊንደር ስፋት 94 ሚሊ ሜትር። ሲበላ ግድግዳው ይፋቅና በ0.5 ሚሊ ሜትር የሰፋ ፒስተን ይገባበታል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ 0.50 የሚለው ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ነው። ሲሊንደሩ መፋቅ ያለበት ግን ፒስተኑ ራሱ ተይዞ፣ በማይክሮሜትር ተለክቶ ነው። በሁለቱ መካከል የሚተወው ክፍተት በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር፣ ከጸጉር ውፍረት ጋር የሚወዳደር ነው። ከጠበበ ሞተሩ ሲግል ፒስተኑ ይጣበቃል፤ ከሰፋ ዘይት ይበላል፣ ዳገት ላይ ይለግማል።

እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ምንድን ነው? ብሎኩ በፒክአፕ ተጭኖ ሬክቲፊካ ቤት ይሄዳል። ፒስተኑ ገና ሱቅ ነው፤ ባለመኪናው ዋጋ እየተከራከረ ነው። ሬክቲፊካው በካርቶኑ ቁጥር ይፍቃል። በሦስተኛው ወር ጭስ ሲመጣ መካኒኩ «የሬክቲፊካው ነው» ይላል፤ ሬክቲፊካው «የፒስተኑ ነው»፤ ባለሱቁ «የአነዳዱ ነው»፤ ሾፌሩ ደግሞ «የመንገዱ ነው»። መንገዱ እንግዲህ አፍ የለው!

ውጭ አገር ለአገር አቋራጭ ውድድር ሞተር የሚያዘጋጁ ቤቶች ሲሊንደሩን እዚያው ራሳቸው ሲፍቁ ለኩራት ብቻ አይመስለኝም። የቴስታታው ቡሎን ሲጠብቅ ብሎኩ በጥቂቱ ይጣመማል፤ ክቡ ክብነቱን ያጣል። ስለዚህ በቴስታታው ፋንታ ወፍራም ብረት ያስሩበትና፣ ብሎኩ እንደተጨነቀ የመጨረሻውን ሙረዳ ይጨርሳሉ። ግድግዳው ላይ የተጠላለፈ ስስ ጭረት ይተዋሉ፤ ዘይቱን የሚይዘው እሱ ነው። እንደ መስታወት የለሰለሰ ሲሊንደር ለዓይን ያምራል እንጂ ፋሻው አይላመደውም። ፋቂውና ገጣሚው አንድ ቤት በመሆኑ ሞተሩ ቢጣበቅ የሚያሳብቡበት ጎረቤት የላቸውም።

«ማሽኑ ውድ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ነው። እያንዳንዱ ጋራዥ መፋቂያ ይግዛ የሚል ሞኝ አይደለሁም፤ ሬክቲፊካ ቤቶቻችን ውስጥም እጃቸው የሚመሰገን ሰዎች አሉ። ወረቀት ግን ውድ አይደለም። የ6ቱ ሲሊንደሮች ልክ፣ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፤ የእያንዳንዱ ፒስተን ልክ፤ ከሥሩ የለኪው ስም። አንድ ገጽ አይሞላም።

አንድ ጋራዥ ይህንኑ ጠይቄ ነበር።

«ጋሼ፣ ተለክቷል አልኩዎት እኮ!» አለኝ ልጁ።

«ማን ለካው?»

«ማሽኑ!»