ሜታሞርፊየስ ከካምፓላ ሲደመጥ፦ ተረትን ያለ ቃል ስለ መተረክ

የሮክ ጊታሪስቶች የኤሌክትሪክ ጊታራቸውን አስቀምጠው በናይለን ክር ጊታርና በኦርኬስትራ የሚያሳትሟቸው አልበሞች ብዙውን ጊዜ ከሁለት ፍርዶች በአንዱ ይዳኛሉ፤ የቀድሞ አድናቂው የጡረታ ዘመን ማሳለፊያ አድርጎ በትዕግሥት ያልፋቸዋል፣ ኦርኬስትራ የሚለው ስም የሚያስደነግጠው ሐያሲ ደግሞ ቅንብሩን ሳይመረምር ያወድሳቸዋል። እንግሊዛዊው ስቲቭ ሃኬት በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ሜታሞርፊየስ» ለሁለቱም ፍርዶች የተመቸ ሥራ ነው። የኦርፊየስን የግሪክ አፈ ታሪክ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለ አንድ ቃል ለመተረክ የተነሣው ይህ አልበም ሊጠየቅ የሚገባው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ታሪኩ የሚገኘው በድምፁ ውስጥ ነው ወይስ በክፍሎቹ ርእስ ዝርዝር ላይ ብቻ? ጥያቄው ከካምፓላ ሲነሣ ክብደቱ ይጨምራል፤ ከተማዪቱ የኦርፊየስ ክራር መሰል መሣሪያ የሆነው የሊራ ዘመዶች ዛሬም የሚደረደሩባት፣ መሣሪያ ያለ ዘፋኝ ነገር የሚናገርበት ስልትም በቤተ መንግሥቷ ለረጅም ዘመን የኖረባት ናትና።

የሃኬት የናይለን ክር ታሪክ አዲስ አይደለም። ገና ከጄኔሲስ ቡድን ጋር ሳለ በ1972 በ«ፎክስትሮት» አልበም ላይ የጨመራት «ሆራይዘንስ» ሁለት ደቂቃ የማትሞላ፣ ከባኽ አንደኛ የቼሎ ስዊት መግቢያ የተነሣች ብቸኛ የጊታር ቅንብር ነበረች። «ቤይ ኦቭ ኪንግስ» በ1983፣ «ሞመንተም» በ1988 ተከተሉ፤ በ1997 ደግሞ የሼክስፒርን የሌሊት ሕልም ተውኔት መነሻ አድርጎ ከለንደኑ ሮያል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር ሠራ። «ሜታሞርፊየስ» ዐሥራ አምስት ክፍሎች ሲኖሩት፣ የሚያጅበው ስብስብ «የታችኛው ዓለም ኦርኬስትራ» የሚል ከታሪኩ የተወሰደ ስም ተሰጥቶታል፤ ወንድሙ ጆን ሃኬት ፍሉት ይጫወታል፣ የረጅም ዘመን ባልደረባው ሮጀር ኪንግም በሥራው ውስጥ አለ። አፈ ታሪኩ የታወቀ ነው፦ ኦርፊየስ የሞተችበትን ሚስቱን ዩሪዲስን ለማስመለስ ወደ ሙታን ዓለም ይወርዳል፣ በሊራው የታችኛውን ዓለም ገዢዎች ያራራል፣ ከጉድጓዱ እስኪወጣ ድረስ ወደ ኋላ እንዳያይ ይታዘዛል፣ ያያል፣ ያጣታል።

የታሪኩ እምብርት ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ወደ ኋላ መመልከቱ ብቻ ሳይሆን፣ ደካማ ድምፅ በኃያል ፊት ቆሞ ማሸነፉ ነው። በእጅ የተያዘች አንዲት ትንሽ የክር መሣሪያ ሞትን ታስረታለች። ይህን በሙዚቃ ለመናገር ከናይለን ክር ጊታርና ከኦርኬስትራ የተሻለ ጥምረት አይገኝም፤ የጊታር ድምፅ ክሩ ከተነካበት ቅጽበት ጀምሮ እየሞተ የሚሄድ ነው፣ ቫዮሊን በደጋኑ ድምፁን እንዳሻው ያቆያል፣ ጊታር ግን እያንዳንዱን ኖታ እንደ አዲስ መውለድ አለበት። በአዳራሽ ውስጥ አንድ የመለከት ጥሪ ብቻ ይውጠዋል። ለጊታርና ለኦርኬስትራ የሚጽፍ አቀናባሪ ሁሉ የሚፋለመው ከዚህ ችግር ጋር ነው፤ ስፔናዊው ሆአኪን ሮድሪጎ በ1939 ባቀናበረው «ኮንሲየርቶ ዴ አራንሁዌዝ» ጊታሩ ሲናገር ኦርኬስትራውን በማሳሳት፣ ወይም አንድ የንፋስ መሣሪያ ብቻ መልስ እንዲሰጠው በማድረግ መፍትሔውን በቅንብሩ ውስጥ አገኘው።

በ«ሜታሞርፊየስ» መፍትሔው የተገኘው በሚክሲንግ፣ ማለትም ለየብቻ የተቀረጹ ድምፆችን መጠን አመጣጥኖ በሚያዋሕደው የስቱዲዮ ሥራ ነው። ማይክሮፎኑ ጊታሩን ወደ ጆሮ ያቀርበዋል፣ አውታሮቹና የንፋስ መሣሪያዎቹ ወደ ኋላ ሸሽተው ሰፊ ጀርባ ይሆኑለታል፣ ሁሉም በእኩል ምቾት ይሰማል። የሮክ ሰው ስቱዲዮን እንደ መሣሪያ መቁጠሩ ነውር የለበትም፤ እዚህ ግን የተስተካከለው ራሱ ድራማው ነው። ኦርፊየስ ገና ወደ ሙታን ደጅ ሳይደርስ በሚክሲንጉ ጠረጴዛ ላይ አሸንፏል፤ የሚያስፈራው ኃይል የለም፣ ስለዚህ የሚያራራውም የለም። ቤትሆቨን በአራተኛው የፒያኖ ኮንቸርቶ ሁለተኛ ክፍል ምን እንዳደረገ ማስታወስ ልዩነቱን ያሳያል፦ አውታሮቹ በአንድ ድምፅ ተጣምረው በቁጣ ይናገራሉ፣ ፒያኖው በለሆሳስ ይመልሳል፣ ደጋግመው ይገጥማሉ፣ ቀስ በቀስም ቁጣው ይበርዳል። ቤትሆቨን ክፍሉን ኦርፊየስ ብሎ አልሰየመውም፤ ሆኖም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊዎች ኦርፊየስን የሰሙት እዚያ ነው። በሃኬት አልበም ሁኔታው ተገልብጧል፤ «ዩሪዲስ ተወሰደች»፣ «የካሮን ጥሪ»፣ «ሰርቤረስ ዐረፈ»፣ «ኦርፊየስ ወደ ኋላ አየ» የሚሉ ትርጉም ያላቸው ርእሶች ሁሉንም ይነግራሉ፣ ርእሶቹን ሸፍኖ የሚያዳምጥ ሰው ግን ጀልባ ቀዛፊውን ካሮንን ከባለ ሦስት ራሱ ውሻ ከሰርቤረስ ለመለየት ይቸገራል። በኢትዮጵያ ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዐይኑ፣ ኃጥኡ በአንድ ዐይኑ ብቻ እንዲታይ ሆኖ ስለሚሳል ተመልካቹ ጽሑፉን ሳያነብ ማን ማን እንደ ሆነ ያውቃል፤ «ሜታሞርፊየስ» የጎደለው እንዲህ ያለ፣ ትርጉምን በራሱ በመስመሩ ውስጥ የሚያኖር ሥርዐት ነው።

እንዲህ ያለው ሥርዐት በመሣሪያ ሙዚቃ የማይቻል ነው የሚል ተከራካሪ ቢነሣ መልሱ በካምፓላ መንጎ ኮረብታ፣ በቡጋንዳው ንጉሥ በካባካው ቤተ መንግሥት ይገኛል። አማዲንዳ የሚባለው የእንጨት ዛይሎፎን ዐሥራ ሁለት ምላሶች አሉት፤ ሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት ተቀምጠው በእኩል ፍጥነት ይመታሉ፣ ሆኖም የአንዱ ምት ሁልጊዜ በሌላው ሁለት ምቶች መካከል ባለችው ክፍተት ላይ ያርፋል። የመጀመሪያው ኦሙናዚ፣ በመካከሉ የሚገባው ኦምዋውዚ ይባላል። ውጤቱ አንድም ሰው ብቻውን ሊደርስበት የማይችል ፍጥነት ነው፤ ዋናው ተአምር ግን ፍጥነቱ አይደለም። ጆሮ በከፍታ የሚቀራረቡ ድምፆችን መርጦ ስለሚያያይዝ፣ ከሁለቱ አንዳቸውም የማይጫወቱት ዜማ ከመካከላቸው ይነሣል። ሦስተኛው ተጫዋች ኦሙኮኔዚ በሁለቱ ዝቅተኛ ምላሶች ላይ የተፈጠረውን ቅርጽ አድምጦ ለቅሞ በሁለቱ ከፍተኛ ምላሶች ላይ ይደግመዋል። ኦስትሪያዊው ተመራማሪ ጌርሃርድ ኩቢክ ከቤተ መንግሥቱ ሙዚቀኛ ከኤቫሪስቶ ሙይንዳ ተምሮ በ1960 ያሳተመው ጥናት እነዚህን ከውስጥ የሚፈልቁ ዜማዎች ለዓለም አስተዋወቀ። የቡጋንዳ ሕዝብ የሆኑት ጋንዳዎች የሚናገሩት ሉጋንዳ የቃል ትርጉም በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ጭምር የሚለይበት ቋንቋ በመሆኑ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ አድማጭ ከእነዚህ ዜማዎች ቃል ይሰማል። ዘፋኝ የለም፣ ነገሩ ግን ይነገራል፤ «ሴማቲምባ ኔ ኪክዋባንጋ» የተባለው ዝነኛ ዜማ የሁለት ሰዎችን ስም የያዘው እንዲሁ ለመለያ ያህል አይደለም። እዚህ ላይ ርእሱ ከዜማው ይወጣል እንጂ ዜማውን አይሸከምም።

ይህ ስልት በሂሳዊ ጽሑፍ የተሰጠው ቦታ ከሚገባው እጅግ ያነሰ ነው። በቤቱም አደጋ ደርሶበታል፦ ሜይ 24 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. የሚልተን ኦቦቴ መንግሥት ጦር በቤተ መንግሥቱ ላይ ሲዘምት ካባካ ሙቴሳ ዳግማዊ ወደ ስደት ሄዱ፣ ሙዚቀኞቹ ተበተኑ፣ መሣሪያዎች ጠፉ፤ የቡጋንዳ ንጉሣዊ መንግሥት በባህላዊ ተቋምነት የተመለሰው በ1993 ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የኡጋንዳ ሙዚየም፣ ቀድሞ ክላውስ ቫክስማን ሲያስተዳድረው መሣሪያዎቹ በመስታወት ሣጥን ከመቀመጥ ይልቅ እንዲደመጡ ባቆመው ልማድ፣ የዕውቀቱ አንድ መጠለያ ሆኖ ቆይቷል።

በአፈ ታሪክ ረገድም ቡጋንዳ ለሙዚቀኛ ጆሮ የበለጠ የሚስማማ ታሪክ አላት። ኪንቱ የሰማዩን የጉሉን ልጅ ናምቢን አግብቶ ወደ ምድር ሲወርድ፣ ወንድሟ ዋሉምቤ፣ ማለትም ሞት፣ እንዳይከተላቸው ምንም ነገር ቢረሱ ወደ ኋላ እንዳይመለሱ ይነገራቸዋል። ናምቢ ለዶሮዋ የሚሆን ዳጉሳ ረስታ ተመለሰች፤ ሞትም ተከተላት። ኦርፊየስ በፍቅር ጉጉት ተሸነፈ፣ እዚህ ግን የሰው ልጅ ሟችነት የመጣው በዶሮ ቀለብ ነው፣ ይህም ከግሪኩ ይልቅ ኑሮን የሚያውቅ ተረት ያደርገዋል። ተረቱ አልቆመም፤ ሌላው ወንድም ካዪኩዚ ዋሉምቤን ይዞ ሊመልሰው ይወርዳል፣ ሰዉ ሁሉ ቤቱ ገብቶ ዝም እንዲል፣ ዋሉምቤን ያየም እንዳይጮኽ ያዝዛል። ልጆች ያዩትና ይጮኻሉ፤ ሞትም ተመልሶ ወደ መሬት ይገባል። ገባበት የሚባለው ጉድጓድ ከካምፓላ በስተ ምዕራብ በሚትያና መንገድ በታንዳ ዛሬም የአምልኮ ቦታ ነው። በኦርፊየስ ታሪክ ሁሉን የሚያበላሸው ዕይታ ነው፤ ሙዚቃ ደግሞ ማየትን ሊያሰማ አይችልም፣ ስለዚህ ሃኬት በዚያ ቦታ ላይ ሐዘንን ከማሰማት በቀር ምርጫ አልነበረውም። በዋሉምቤ ታሪክ ግን ወሳኙ ነገር ዝምታና ጩኸት ነው፤ ለአቀናባሪ ከዚህ የተመቻቸ ቅጽበት ከየትም አይመጣም። ይህን ቅጽበት የሚመጥን ትልቅ የኦርኬስትራ ሥራ ቢጻፍ ከዐሥር የኦርፊየስ አልበሞች ይበልጣል።

የአማዲንዳውን ስልት አቅም በአውሮፓ አውታሮች ላይ ያሳየ ሰው ግን አለ። በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ጀስቲኒያን ታሙሱዛ በ1988 ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ ያቀናበረው ኳርቴት ርእሱ በሉጋንዳ የመስቀሉን መንገድ የሚጠራ ሲሆን፣ «ኤኪቱንዱ ኤኪሶካ» የተሰኘው የመጀመሪያው ክፍል በ1992 ክሮኖስ ኳርቴት ባሳተመው «ፒስስ ኦቭ አፍሪካ» ውስጥ ገብቷል። አልበሙ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ሥራ ያሰባሰበ በመሆኑ አድማጩ የታሙሱዛን ክፍል ከሌሎቹ ጋር ቀላቅሎ እንደ አህጉራዊ ጌጥ አለፈው። ይህ የማድመጥ ስንፍና ነው። በክፍሉ ውስጥ አውታሮቹ አጃቢና ታጃቢ ሆነው አይከፋፈሉም፤ የአንዱ ምት ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው፣ የጋንዳ ሙዚቀኞች በአንድ መሣሪያ ዙሪያ ተቀምጠው የሚሠሩትን አራቱ ሰዎች በየመሣሪያቸው ይሠሩታል። ሃኬት ለጊታሩ የኦርኬስትራ ጀርባ ሲሰጥ ታሙሱዛ ጀርባ የሚባል ነገር አላስቀረም።

ስለ ሊራው ራሱም አንድ ነገር መባል አለበት። የኦርፊየስ መሣሪያ በግሪክ የሥዕል ጌጥ ሆኖ ሲቀር ዘሩ በዓባይ ተፋሰስ በሕይወት ይኖራል፤ ኢትዮጵያ ክራርና በገና አላት፣ ጋንዳዎችም ከሶጋ ጎረቤቶቻቸው የወሰዱት ስምንት ክር ያለው እንዶንጎ አላቸው። የእንዶንጎ ክሮች በእንሽላሊት ቆዳው ላይ እየተርገበገቡ ይነዝራሉ፤ እናንጋ የተባለው የቤተ መንግሥት በገና መሰል መሣሪያም በአንገቱ ላይ ከየክሩ ሥር ነዛሪ ቀለበት ይታሠርለታል። የኢትዮጵያ በገና በእንዚራው፣ ማለትም በክሩና በብርኩማው መካከል በምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ያንኑ ያደርጋል፤ በካምፓላ የሚኖር ኢትዮጵያዊ እንዶንጎን ሲሰማ የዐቢይ ጾም ትዝ ቢለው አይገርምም። ንዝረቱ ጌጥ አይደለም። ተነክቶ ወዲያው የሚሞተውን የክር ድምፅ ያቆየዋል፣ ያሰፋዋል፣ አንዱን መሣሪያ ብቻውን ለመቆም ያበቃዋል። የሃኬት ስቱዲዮ ጊታር ከእንዲህ ያለ ንዝረት ሁሉ ታጥቦ የጠራ በመሆኑ ምርኩዝ ያስፈልገዋል፤ አልበሙ ኦርኬስትራውን የፈለገው ለታሪኩ ሳይሆን ለዚህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ፣ ጊታሩ ብቻውን ወይም ከጥቂት አጃቢ ጋር በሚቀርብባቸው አጫጭር ቦታዎች ላይ አልበሙ ሌላ ሥራ ይሆናል። እዚያ የሚያስተካክል የኦርኬስትራ ጀርባ የለም። ኖታው ይነካል፣ ይደበዝዛል፣ ቀጣዩ ከመምጣቱ በፊት ክፍተቱ ይሰማል፤ ከ«ሆራይዘንስ» ጀምሮ የሃኬት ትልቁ ችሎታ ይህችን ክፍተት አለመፍራቱ ነው። በአብዛኛው በራሱ የተማረው እጁ የአዳራሽ ጊታሪስቶችን የመሰለ ጉልበት የለውም፣ ግን የማይታለፍ ኖታ መምረጥ ይችላል፤ በዓለም ላይ በክላሲካል ጊታር ጥርት ብለው ከሚጫወቱ ብዙ ምሩቃን ይህን የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው። እነዚህ ክፍሎች ብቻ ተለይተው ቢታተሙ አልበሙ ከግማሹ በታች ይቀንስ ነበር፣ በሮያል ፊልሃርሞኒክ ከታጀበው ከ1997ቱ ሥራም በላይ ይቀመጥ ነበር።