ብስለት በማን መካከል? «የሺነጋ መንደር»ን በነገረ መለኮት ዓይን ማንበብ

ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፉትና ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ የተረጎሙት «የሺነጋ መንደር» እ.ኤ.አ. በ1964 ታተመ። መጽሐፉ የአንድ ጉራጌ ልጅን አስተዳደግ ይተርካል። ርእሱ ልጁንና መንደሩን አጣምሮ እንደሚጠራ ሁሉ፣ ትረካውም ልጁን ከመንደሩ ነጥሎ አያሳድገውም። የመጽሐፉ ብርታት ይህ ነው።

ጳውሎስም በኤፌሶን 4፥13 ስለ ብስለት የሚናገረው በብዙ ቁጥር ነው፤ አማኝ የሚያድገው ከቅዱሳን ሁሉ ጋር ነው። ልዩነቱ መለኪያው ላይ ነው። መንደር ልጁን በልማዱ ልክ ይቀርጻል፤ የቤተ ክርስቲያን ልክ ግን ክርስቶስ ነው። ስለዚህ በእርሷ ዘንድ አሳዳጊዎቹም ገና በማደግ ላይ ናቸው።

ሆኖም የመንደር ሥዕል ብቻውን ለዛሬው አገልግሎታችን አይበቃም። ከወልቂጤና ከቡታጅራ ብዙ ወጣቶች ለንግድና ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። የጥምቀት ትምህርት የጨረሰውን ሁሉ እንደ በሰለ ከቆጠርን፣ ሲሄድ የሚከታተለው አይኖርም።

የጉራጌ ገበሬ እንሰትን እያዛወረ ደጋግሞ ይተክላል፤ እስኪደርስም ዓመታት ይታገሣል። መነቀሉ ለእድገቱ ነው፤ ነገር ግን የሚተከልበት ስፍራ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ወጣቱን የምትሸኝ ቤተ ክርስቲያንም ከጸሎቱ ጋር፣ የሚቀበለው ጉባኤና ደኅንነቱን የሚጠይቅ ሽማግሌ ልታዘጋጅለት ይገባል።