ስም የጠየቀው ልጅ

ሳቁ ሲያበቃ አብሮ የሚያልቅ ቀልድ ብዙ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለሕዝብ የታየው፣ በመልቪል ሼቭልሰን አዘጋጅነት የተሠራው «ዩርስ፣ ማይን ኤንድ አወርስ» የተባለው ፊልም ግን ከሳቁ በኋላ የሚያሳስብ ነገር ይተዋል። ስሙን በአማርኛ «የአንቺ፣ የእኔና የእኛ» ልንለው እንችላለን።

ታሪኩ ከእውነተኛ ቤተሰብ ሕይወት የተወሰደ ነው። ባሏ የሞተባት ሄለን ኖርዝ 8 ልጆች፣ ሚስቱ የሞተችበት የባሕር ኃይል ባልደረባ ፍራንክ ቢርድስሊም 10 ልጆች ይዘው ይጋባሉ። ሁለቱን ሆነው የሚጫወቱት ሉሲል ቦልና ሄንሪ ፎንዳ ናቸው። 18 ልጆች በአንድ ጣራ ሥር የሚፈጥሩት ትርምስ፣ አባትዬውም ቤቱን እንደ መርከብ ቈጥሮ ለያንዳንዱ ልጅ መኝታውንና መታጠቢያውን በምልክት መደልደሉ ተመልካቹን በጣም ያስቃል።

እኛ ግን የፊልሙን ፍሬ ያገኘነው ከዚህ ጫጫታ ሳይሆን ከፊሊፕ ዘንድ ነው። ይህ የሄለን ልጅ በትምህርት ቤት በእንጀራ አባቱ ስም ሊጠራ ይፈልጋል፤ መምህርቱ ግን ሕጋዊ ስምህ አይደለም ብላ ትከለክለዋለች። ወላጆቹም አንዱ የሌላውን ልጆች በጉዲፈቻ ለመቀበል የሚነሡት በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ የአባትዬው ድልድል ሊያመጣው ያልቻለውን አንድነት የሕፃኑ ጥያቄ አመጣው ማለት ነው።

ቋንቋችን «እንጀራ አባት» ሲል የሚመግበውን ከወለደው ይለያል። በልማዳችንም ልጅ፣ ማንም ቢያሳድገው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው በወለደው አባቱ ስም ነው፤ ይህም የሟቹን መታሰቢያ ይጠብቃል። የፊልሙ ጉድለት የሚታየን ከዚህ ላይ ነው። ፊሊፕ አዲሱን ስም ሲያገኝ የሟች አባቱ ስም ከላዩ ይነሣል። ልጆቹ ጉዲፈቻውን በመጀመሪያ ባይወዱትም፣ ያለመውደዳቸው ምክንያት በሚገባ ሳይመረመር ነገሩ ወደ ሳቅ ይቸኩላል። ኀዘን በትእዛዝ ከቤት አይወጣምና፣ ደራሲዎቹ ለሁለቱ ሟቾች አንድ ጸጥ ያለ ትርኢት ቢሰጡ ኖሮ ሳቁ ባልቀነሰ፣ ፍቅሩም በጠለቀ ነበር።

ይህም ሆኖ ስሙን የጠየቀው ልጁ ራሱ እንጂ የጫኑበት ታላላቆቹ አለመሆናቸው ሊመሰገን ይገባዋል። የተማሪ ስም የሚጠራ መምህርና መዝገብ የሚይዝ ሹም ይህን ፊልም ቢመለከቱ፣ አንድ ልጅ ስሙን ሲናገር የማን እንደ ሆነ ጭምር መናገሩ መሆኑን ይረዱታል ብለን እናምናለን።