ከመካኒክነት ወደ ጦር አውሮፕላን

አቦምሳ ከተማ ላይ ሠላሳን የተሻገረ ሰው «ሙያ ልቀይር ነው» ቢል፣ «አሁን? ይልቅ ልጆችህን አሳድግ!» የሚለው አይጠፋም። እኔ ጆን ሮቢንሰንን እጠቅስለታለሁ። ጥቁር አሜሪካዊው ሮቢንሰን በቺካጎ የመኪና መካኒክ ነበር። አንድ የበረራ ትምህርት ቤት በቆዳው ቀለም ሳቢያ አልቀበልም ሲለው፣ እዚያው ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ መጥረጊያውን ይዞ ትምህርቱን ከኋላ ያዳምጥ ነበር። (እልህ ማለት ይህ ነው!)

አብራሪ ሆኖ በ1927 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሲገባ ዕድሜው ሠላሳ ገደማ ነበር። የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነ። የነበሩት ጥቂት አሮጌ አውሮፕላኖች አብዛኞቹ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር በእነሱ ከአዲስ አበባ ወደ ጦር ግንባር መልእክት ያደርስ ነበር። ጣሊያን ተሸንፎ ከወጣ በኋላም ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ወጣት አብራሪዎችን አሠለጠነ። በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ አዲስ አበባ ተቀበረ።