ስፒንስተር ማለት ምን ማለት ነበር?

የድሮ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው መዝገበ ቃላት መግለጡ አይቀርም፤ መዝገበ ቃላቱም ብዙውን ጊዜ የዛሬውን ትርጉም ያስቀድምለታል። ተርጓሚው ይህንኑ አንሥቶ የሄደ እንደ ሆነ፣ ደራሲው ያላሰበውን ነገር በደራሲው አፍ ያናግራል። ለዚህ ምስክር እንዲሆኑን «ስተር» በሚል ድምፅ የሚጨርሱትን ጥቂት ቃላት እንመርምር። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሼክስፒር በ1601 ዓ.ም. ገደማ በደረሰው «ትዌልፍዝ ናይት» በተባለው ቲያትር፣ መስፍኑ ኦርሲኖ አንድ የቆየ ዘፈን ሲያመሰግን ፀሐይ እየሞቁ የሚሠሩ ስፒንስተሮች የሚያዜሙት መሆኑን ይናገራል። ዛሬ ስፒንስተር የሚባለው ባል ሳታገባ ዕድሜዋ ለገፋ ሴት ስለ ሆነ፣ ተርጓሚው «ቁሞ ቀሮች» ብሎ ቢጽፍ መዝገበ ቃላቱ አይቃወመውም። ቲያትሩ ግን ይበላሻል። ሼክስፒር ያሰበው ክር የሚፈትሉ ሴቶችን ነው፤ ማግባት አለማግባታቸው በዚህ ስፍራ ጉዳዩ አይደለም። መስፍኑ ዘፈኑን የወደደው ተራ ሠራተኞች በሥራ ላይ ሳሉ የሚያዜሙት፣ ያረጀና ያልተኳለ ስለ ሆነ ነው። በዚህ ላይ «ቁሞ ቀር» የሚል ስድብ ሲወርድበት ምስጋናው ወደ ፌዝ ይለወጣል።

በጥንቱ እንግሊዝኛ «ስተር» በሥራ ስም መጨረሻ ሲገባ ሠሪዋ ሴት መሆኗን ያመለክት ነበር። ብሩስተር ጠማቂ ሴት፣ ባክስተር ጋጋሪ ሴት፣ ዌብስተር ሸማኔ ሴት ነበሩ። ጠማቂዋና ጋጋሪዋ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይሆኑበትም፤ ፈታይቱማ ከነእንዝርቷ የእናቱ ቤት ሰው ናት። ሸማኔዪቱ ግን ሳታስገርመው አትቀርም፤ በእኛ ዘንድ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯልና። ውሎ አድሮ ወንዶችም በዚሁ ስም ይጠሩ ጀመር፤ የቤተ ሰብ መጠሪያም ሆነ። በ1828 ዓ.ም. ታላቁን የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ያሳተመው የኖኅ ዌብስተር ስም ሲፈታ «ሸማኔዪቱ» መሆኑ ፈገግ ያሰኛል። የሴትነቱ ምልክት እጅግ ስለ ተረሳ፣ ልብስ ሰፊዋን ሲምስተር ማለት አልበቃ ብሎ ሲምስትረስ አሏት፤ በአንድ ቃል ላይ ሁለት የሴት ምልክት መደረባቸው ነው። ጋንግስተር የሚለው የወንበዴ ስምማ ከአሜሪካ የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ስለ ሆነ የጥንቱን ነገር አያውቅም።

ስፒንስተር ግን ሴትነቷን ሳትለቅ ሥራዋን ለቀቀች። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቃሉ ላላገባች ሴት የሕግ መጠሪያ ሆነ። ጆንሰንም በ1755 ዓ.ም. ባሳተመው መዝገበ ቃላት ፈታይቱን አስቀድሞ የሕጉን ትርጉም አስከተለ። በእንግሊዝና በዌልስ የጋብቻ መዝገብ ቃሉ ተሽሮ «ያላገባች» በሚል የተተካው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሃያ ዓመት ሙሽራም በዚህ ስም ትመዘገብ ነበር። እንግዲህ የጋብቻ ወረቀት ለሚተረጕም «ያላገባች»፣ የሼክስፒርን ቲያትር ለሚተረጕም ደግሞ «ፈታዮች» የምትለው አጭር ቃል የምትበቃ ይመስለናል።